የሾፌሩ ሌሊት ማንን ያስጠይቃል?



የቁልፍ ርክክብ የሚባለውን ሥነ ሥርዓት ሁላችሁም በቴሌቪዥን አይታችሁታል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፊ ግቢ ነው። ነጫጭ ላንድክሩዘሮች በመደዳ ቆመዋል፤ የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተላጠም። ሚኒስትሩ ወይም ሚኒስትሯ ይመጣሉ፤ አጋር ድርጅቶች ይመሰገናሉ፤ ከካርቶን የተሠራ አንድ ክንድ የሚያህል ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ይጨበጨባል። ማታ በዜና ይህን ያህል አምቡላንስ ለወረዳዎች ተከፋፈለ ይባላል። አላሾፍም፤ መኪናው ያስፈልገናል። የእኔ ጉዳይ የሚጀምረው ዜናው ሲያልቅ ነው። የካርቶኑ ቁልፍ መጋዘን ይገባል፤ የብረቱ ቁልፍ ግን የአንድ ሰው ኪስ ይገባል። ያ ሰው ማታ የት ያድራል? ትርፍ ሰዓቱ በስንተኛው ወር ይከፈለዋል? ከኋላ ከታማሚዋ ጋር የሚቀመጠው ባለሙያ ማነው? መኪናው ሲሰበር፣ ሲተኮስበት፣ አፋፍ ላይ ጭጋግ ሲይዘው ማን ይደርስለታል? ጥያቄዎቹ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ጥያቄዎች ይመስላሉ። እኔ የምከራከረው የሚኒስትር ጥያቄዎች ናቸው ብዬ ነው።

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ለተሰበሰበው ለዚህ ጉባኤ የመንዝን መሬት ማስረዳት ለወለደች እናት ምጥን ማስረዳት ነው። ሆኖም ዕቅድ የሚያወጣው ሰው የሚቀመጠው አዲስ አበባ ስለሆነ ጥቂት ልበል። ከጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ በጓሳ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚመጣው መንገድ የውርጭ አገር መንገድ ነው። የጓሳ ሣር የተዘረጋው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ላዩ ሜዳ ነው፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ መሬቱ በቢላዋ እንደተቆረጠ ያበቃል። በደቡብ ሞፈር፣ በምዕራብና በሰሜን አዳባይና ወንጪት፣ በምሥራቅ ደግሞ ቁልቁለቱ ወደ ኤፍራታና ወደ አንጾኪያ ቆላ ይወርዳል። መርሐቤቴ ያላችሁት በጀማና በወንጪት መሐል ናችሁ። ከቀበሌዎቻችን ብዙዎቹ ገደል ውስጥ ናቸው። ገደል ውስጥ መኪና አይወርድም። ምጥ የጠናባትን ሴት ቃሬዛ ላይ አስተኝተው፣ ወንዶቹ ትከሻ እየተቀያየሩ፣ ከኋላ አንዷ ውሃ ይዛ አንዷ እያለቀሰች፣ አፋፉ ድረስ ያወጧታል። አምቡላንስ የሚጀምረው ቃሬዛ ሲያበቃ ነው።

አሁን አንድ ሌሊት አብረን እንሂድ። የማንንም ስም አልጠራም። የምነግራችሁ በየወረዳው ከአምቡላንስ ሾፌር ጋር አንድ ስኒ ቡና የጠጣ ሁሉ የሚሰማውን ነው።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ስልክ ይጠራል። የጥሪ ማዕከል የለም፤ የሚጠራው የሾፌሩ የገዛ ስልክ ነው፤ ቁጥሩን ወረዳው ሁሉ ያውቀዋል። መልሶ የሚደውልበትን ካርድ የሚሞላው ከኪሱ ነው። ባናውን ገፎ ይነሳል። መኪናው ውርጭ አድሮበት በቀላሉ አይነሳም። ናፍጣው ከግማሽ በታች ነው፤ ኩፖኑ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ያለው ሰው ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል። ያለውን ነዳጅ በዓይኑ ለክቶ ይሄዳል። ጤና ጣቢያ ደርሶ ሪፈር የተጻፈላትን ሴት ይጭናል። አዋላጅዋ ሌላ ምጥ ላይ ስለሆነች አብራ መሄድ አትችልም፤ ተረኛዋ እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ከኋላ የሚገቡት የሴትዮዋ ባልና እናቷ ናቸው። ኦክሲጅን መያዣው ባዶ ነው፤ ቢሞላም የሚከፍተው ባለሙያ የለም። መንገድ ላይ ደም ይጀምራታል። እናትየዋ መስኮቱን ትደበድባለች። ሾፌሩ ያቆማል፣ ይወርዳል፣ የስልኩን መብራት ያበራል፣ ያያል። የሚያውቀው ነገር መንዳት ብቻ ነው። መብራቱን ያጠፋና ተመልሶ ይነዳል፤ በዚያ ኮረኮንች ላይ ቶሎ ቢነዳ ትንገላታለች፣ ቀስ ቢል ይነጋል። መሐል ሜዳ ካልተቻለ ደብረ ብርሃን ነው፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ።

አደረሳት እንበል። እሰየው! ጠዋት የመኪናውን ወለል የሚያጥበው እሱ ነው፤ በባዶ እጁ። ከሰዓት በኋላ የስብሰባ ወንበር እንዲጭን ይታዘዛል፤ አምቡላንስ ወንበር ሲጭን፣ አመራር ሲያመላልስ ያላየ ሰው እዚህ ካለ እጁን ያውጣ። የትላንት ሌሊቱን አበል ሲጠይቅ የጉዞ ማዘዣ ቀድሞ አልተፈረመም ይባላል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማን እንዲፈርምለት ይሆን?

በዚያች ሌሊት የተጎዳው ሰው አንድ አይደለም። ሴትዮዋን ሁላችንም እናያታለን። ሾፌሩን፣ ጤና ጣቢያ ብቻዋን የቀረችውን አዋላጅ፣ በቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚሠሩትን ልጆች ግን አናያቸውም። የሠራተኛው እንግልት የሠራተኛው የግል ጣጣ ብቻ ይመስለናል። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሾፌር በጭጋግ አፋፍ ላይ ሲነዳ ግን እንግልቱ ከኋላው የተኛችው ሴት ጣጣ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሚዛን ልጠብቅ። የተሠራ ሥራ አለ። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከመቶ እናቶች በጤና ተቋም የወለዱት 10 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26 ሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. 48። በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ይሞቱ የነበሩት እናቶች በ2003 ዓ.ም. 676 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 412 ተብሎ ተመዘገበ። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የጤና ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ተጀምሮ በዶክተር ከሰተብርሃን አድማሱ ዘመን የቀጠለው የአምቡላንስ ክፍፍል፣ ከጤና ኤክስቴንሽኗና ከእናቶች ማቆያ ጋር፣ በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች በየወረዳው ደርሰዋል። ይህን መካድ ግፍ ነው።

ነገር ግን ዕቅዱ ሲወጣ የተወሰነ አንድ ነገር አለ፤ እስከ ዛሬ የሚያስቸግረን እሱ ነው። መኪናውን የሚገዛው ማዕከሉ ሆነ፤ ነዳጁን፣ ጎማውን፣ ጥገናውንና የሾፌሩን ደመወዝ የሚችለው ወረዳው ሆነ። ልብ በሉ፤ አንድ ጊዜ የሚከፈለው ወጪ ምስጋና ካለበት ቦታ ተቀመጠ፣ በየሌሊቱ የሚከፈለው ወጪ ደግሞ ገንዘብ ከሌለበት ቦታ። ሪባን የሚቆርጠው ሌላ፣ ናፍጣ የሚለምነው ሌላ። በዚያ ላይ መለኪያው ለአንድ ወረዳ አንድ አምቡላንስ የሚል ነበር። በወረቀት ላይ እኩልነት ነው። ሜዳ ላይ ያለ ወረዳና ሦስት ገደል የሚቆርጠው ወረዳ ግን በአንድ መኪና እኩል አይሆኑም። አንድ መኪና ማለት ደግሞ አንድ ሾፌር ማለት ሆኖ ቀረ፤ አንድ ሾፌር ማለትም የማይተኛ ሰው ማለት ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የቀረውን 129 ሰዓት ማን ይነዳል ተብሎ ታቀደ?

እንዲህ ያለውን ጥያቄ አስቀድሞ ያሰበ ሰው ግን አልጠፋም፤ አዲስ አበባ ውስጥ አቶ ክብረት አበበ የተባሉ የሰመመን ባለሙያ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን ሲያቋቁሙ ከመኪናው ጎን ለጎን ሥልጠናውን አስበዋል፤ መኪናው ውስጥ ማን ይቀመጣል የሚለውን። አንድ ግለሰብ ቤቱን ሸጦ ያየውን ነገር ሚኒስቴር በበጀት ሳያየው ሲቀር መጠየቅ ነውር የለበትም።

ጦርነቱንም ዘልዬ አላልፍም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ሲደርስ እዚህ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ በፊት በ2013 አጣዬ ስትቃጠል፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ሠራተኞቹ በሥራ ላይ ሳሉ መገደላቸውን በተለያዩ ጊዜያት በመግለጫ አስታውቋል። ይህ ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም.፣ ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ ነው። በሚቀጥለው ኅዳር ደሴ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት ሆስፒታል በአውሮፕላን ተደበደበ፤ ታኅሣሥ ላይ መልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል፣ የካቲት ላይ ቆረም አጠገብ የእንግሊዞቹ። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል እንዴት ይደበደባል ብላ ለዓለም ጮኸች። የጮኸችለት ሕግ ዛሬም በራሷ ልጆች ላይ ይሠራል፤ የጄኔቫን ስምምነቶች ፈርማለች። የአምቡላንስ ሾፌር ኬላ ላይ ሲንገላታ፣ የጫነው ቁስለኛ የማን ነው እየተባለ ሲጠየቅ፣ የሚጠየቀው ኬላው ላይ የቆመው ልጅ ብቻ አይደለም፤ መንግሥትም ሆነ ማንኛውም የታጠቀ ወገን ለልጁ ምን ትእዛዝ ሰጠው ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ታዲያ ማን ይጠየቅ? እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። ሚኒስቴሩን ስትጠይቁ ጤና የክልል ሥልጣን ነው ይላችኋል። ክልሉን ስትጠይቁ በጀቱ ለወረዳ ተለቋል ይላችኋል። ወረዳውን ስትጠይቁ ከላይ አልተለቀቀልንም ይላችኋል። ሦስቱም ውሸት አይናገሩም፤ ችግሩም ይህ ነው። ሦስት ግማሽ እውነት ተደምሮ ሾፌሩ ደመወዙን ሳያገኝ ይመሻል።

ሕገ መንግሥቱን ከከፈታችሁ ግን መውጫው ያን ያህል ሰፊ አይደለም። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 3 የጤና አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ ማውጣትና ማስፈጸም የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ነው ይላል። ማውጣት ብቻ ሳይሆን ማስፈጸም። አንድ አምቡላንስ በስንት ሾፌር፣ በስንት ባለሙያ፣ በምን ያህል ዕረፍት ይንቀሳቀስ የሚለው መመዘኛ ካልሆነ መመዘኛ ምን ሊሆን ነው? አንቀጽ 42 ሠራተኛ በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና ጤናማ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 12 ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ ነው ይላል። አንቀጽ 76 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በውሳኔዎቹ ሁሉ ለተወካዮች ምክር ቤት ተጠያቂ ነው ይላል። አንቀጽ 55 ደግሞ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትንም ጠርቶ የመጠየቅ፣ አሠራራቸውንም የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ማንኛውም የአስፈጻሚው ጉዳይ ለውይይት ይቀርባል። ወረቀቱ አልጎደለም።

የጎደለው ልማድ ነው። እስቲ የሚኒስትርን ታሪክ በአጭሩ እንየው። አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ነው። ተጠሪነታቸው ለሿሚያቸው ነበር። የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም ይህን አልለወጠም። ሕዝቡም ለዚህ የሚሆን ተረት ነበረው፤ ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። ሰማዩን እንደፈራ ኖረ።

በ1966 ዓ.ም. ግን በዚህ አገር ታሪክ ሆኖ የማያውቅ ነገር ሆነ። የወሎ ረኃብ ተደብቆ ሕዝብ ካለቀ በኋላ አንድ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። የአገሪቱ ትላልቅ ባለሥልጣናት ተራ በተራ ቀርበው ተጠየቁ። ጥያቄው ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ስለ ረኃቡ መቼ አወቅህ? ማን ነገረህ? ካወቅህ በኋላ ምን አደረግህ? አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ሳሉ ለኮሚሽኑ የጻፉት ማስታወሻ ዛሬ በመጽሐፍ ታትሞ ይነበባል። ትስማሙበትም አትስማሙበትም፣ አንድ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥራውን ለማስረዳት ሲገደድ የሚታይበት ብርቅ ጽሑፍ ነው።

ምርመራው ሳያልቅ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩትን አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ መላሹ ተገደለ። ንጉሥ አይከሰስ ሲል የኖረው አገር ንጉሡንም ሲያወርድ አልከሰሰም፤ አወረደ፣ አሰረ፣ በመጨረሻም ሞቱ ተባለ። ለዚህ ነው እኛ ባለሥልጣንን የምናውቀው በሁለት ሁኔታ ብቻ ነው የምለው፤ ሲወደስና ሲወድቅ። በሁለቱ መሐል ያለውን፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ ሳይሰደብና ሳይታሰር፣ ይህን ለምን አደረግህ ተብሎ የሚጠየቅበትን ሁኔታ አላሳደግነውም። ኮሚሽኑ ጀምሮት ነበር፤ ጥይቱ ቀደመው።

እኛ መንዞች ግን ሥልጣንን መጠየቅ ከፈረንጅ መጽሐፍ የመጣ ነገር ነው ለማለት አንችልም፤ ጓሳ ይመሰክርብናል። የጓሳ ሣር በጋራ ይጠበቅበት የነበረውን የቄሮን ሥርዓት አያቶቻችሁ ኖረውበታል። የአስቦና የጌራ ባለ ርስቶች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይህን ሣር አብረው ጠበቁት። የቄሮው አለቃ ከላይ የተላከ ሹም አልነበረም፤ ሣሩን የሚያጭዱት ራሳቸው የመረጡት ነበር። ሣሩ እንዳስፈላጊነቱ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። የሚከፈትበት ቀን ለሁሉም ይነገራል፤ ለአለቃው ዘመድ ቀድሞ አይከፈትም። ጥበቃው ተራ ነው፤ ተራው የደረሰ ይወጣል፤ ያልወጣ ይቀጣል። ቅጣቱ ጨካኝ ነበር፤ ሥርዓቱም ርስት የሌለውንና ሴቱን ውጭ ያስቀረ ነበር፤ ላስውበው አልፈልግም። ነገር ግን ሦስት ነገር ነበረው፤ ሕጉ ይታወቃል፣ የጥበቃው ተራ ይታወቃል፣ አጥፊው በሰው ፊት ይጠየቃል። ለዚህ ነው ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም ያሉት፤ ለዚህ ነው ጎጆው የሚከደንበት ሣር ያልጠፋው።

ቄሮ የፈረሰው መቼ ነው? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር አብሮ ወደቀ። አዋጁ ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፤ አልነቅፈውም። ግን ቀኖቹን አስተያዩ። በኅዳር አዲስ አበባ ላይ ሚኒስትር የመጠየቅ ጅምር በጥይት ተቋረጠ፤ በየካቲት ጓሳ ላይ አለቃን የመምረጥና የመጠየቅ የቆየ ልማድ ፈረሰ። በመሐሉ ያለው ከአራት ወር ያነሰ ነው። ጓሳን በኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው፤ ዛሬ የተከለለ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ሚኒስትር የመጠየቁን ልማድ ግን ማንም መልሶ አላቆመውም።

መልሶ ለማቆም ሙከራ አልተደረገም አልልም። በ2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎችን ሰብስበው አነጋግረዋል። ባለሙያው ደመወዙን፣ የዱቲ ክፍያውን፣ የሥራ ቦታውን አደጋ አንስቷል። ብዙዎቹ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ስድስት ዓመት አለፈ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ጥያቄው በመላ አገሪቱ እንደገና ፈነዳ፤ ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። መንግሥት አድማው ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ብዙ ባለሙያዎችም ታሰሩ። ሆስፒታል ሥራ ሲያቆም የሚሞት ሰው አለ፤ ስለዚህ በአድማው የማይስማማ ሰው ምክንያት የለውም አልልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንድ ባለሙያ ወደ አድማ ከመሄዱ በፊት የሚሄድበት በር ነበረው ወይ? በተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለ። ከእነዚያ መቀመጫዎች አንዱ ላይ የተቀመጠ ሰው ቀድሞ ተነስቶ፣ ያልተከፈለው የዱቲ ገንዘብ በየወረዳው ስንት ነው፣ መቼስ ይከፈላል ብሎ ሚኒስትሯን አፋጥጦ ቢጠይቅና መልሱ ሳይመጣ አልቀመጥም ቢል ኖሮ ነርሷ ሥራ ማቆም ለምን ያስፈልጋት ነበር? ምክር ቤት ያልጠየቀውን ጥያቄ ሠራተኛ ሲጠይቀው ሠራተኛው ታሰረ፤ ያልጠየቀውስ ተወካይ?

ጥያቄ ደግሞ ቁጥር ይፈልጋል። እንግሊዝ አገር ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ለተጠረጠረበት ሰው አምቡላንስ በአማካይ በ18 ደቂቃ ይድረስ የሚል ደረጃ አለ፤ ያልደረሰበት ጊዜ በየወሩ ታትሞ ይወጣል። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2022 አማካዩ ከ1 ሰዓት ተኩል በላይ ሆነ። በዚያው ወር 21 ቀን የአምቡላንስ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የጤና ሚኒስትሩ መሸሻ አልነበረውም፤ ቁጥሩን ያሳተመው የራሱ መንግሥት ነው። እንግሊዞች ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ አምቡላንሳቸውም ሲዘገይ አይተናል። ልዩነቱ መዘግየቱ መጻፉ ላይ ነው። እዚህ ግን አምቡላንስ ከጥሪ እስከ መድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት በየወሩ ለሕዝብ የሚለጠፍበት ሰሌዳ የለም። ያልተጻፈ መዘግየት ሚኒስትርን አያስጨንቅም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ ቦታ የሚጀምር ነው። ሾፌሮቻችን የጉዞ መዝገብ አላቸው፤ መቼ እንደተጠሩ፣ መቼ እንደወጡ፣ መቼ እንደደረሱ፣ አብሯቸው ባለሙያ እንደነበረ ይጻፍበት። ሞላሌም፣ ወገሬም፣ ዘመሮም፣ ራቤልም፣ ዓለም ከተማም አንድ ዓይነት መዝገብ ይያዝ። የታማሚ ስም አያስፈልግም። በየሦስት ወሩ ወረዳው ይደምረው፤ ለምክር ቤቱ ይቅረብ፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ። መረጃ የማግኘት መብት በአንቀጽ 29 ተጽፏል፤ ከልካይ የለበትም። የተወካዮች ምክር ቤት በየዓመቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል። ከዚያ በፊት ከዚህ አካባቢ የመረጣችኋቸው ተወካዮች ድምሩን በእጃቸው ይያዙ። አጠቃላይ ጥያቄ አይጠይቁ። የጤናውን ዘርፍ ለማሻሻል ምን ታስቧል የሚል ጥያቄ ለሚኒስትር ስጦታ ነው፤ አንድ ሰዓት ንግግር ያሳምርበታል። ይልቅ እንዲህ ይበሉ፤ በመንዝና በግሼ ወረዳዎች በዚህ ዓመት ይህን ያህል ጊዜ አምቡላንስ ያለ ጤና ባለሙያ ታማሚ ጭኗል፤ ይህ በሚኒስቴሩ መመዘኛ የተፈቀደ ነው ወይስ የተከለከለ? ከተፈቀደ ማን ፈቀደው? ከተከለከለ ለምን ቀጠለ? ለአንድ ተሽከርካሪ ስንት ሾፌር በጀት ተይዟል፤ ያልተያዘ ከሆነ መኪናው ሲከፋፈል ማን ይነዳዋል ተብሎ ታስቦ ነበር? ሚኒስትሯ ይህ የክልል ነው ቢሉ፣ የክልሉ ጤና ቢሮ ኃላፊም በዚያው ሳምንት በባሕር ዳሩ ምክር ቤት ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ይጠየቁ፤ ሁለቱ መልሶች ጎን ለጎን ይነበቡ።

ይህን ማድረግ ሚኒስትርን መጥላት አይደለም። ብልህ ሚኒስትር እንዲያውም ይፈልገዋል፤ ገንዘብ ሚኒስቴር ሄዶ የሚከራከርበት ወረቀት ያገኛል። የሚጎዳው ቁልፍ ማስረከብን ሥራ ያደረገ ሚኒስትር ብቻ ነው።

ከመጨረሴ በፊት ግን ከቅርብ ሳንጀምር ሩቅ መሄድ አያምርብንም። የወረዳ ምክር ቤት አባላት እዚህ ከፊቴ ተቀምጣችኋል፤ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችም እንዲሁ። አምቡላንሳችሁ ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ቀን በነዳጅና በጎማ እጥረት ቆመ? ስንት ቀንስ ከሕመምተኛ ሌላ ነገር ጫነ? የሾፌሩና የአዋላጆቹ የትርፍ ሰዓትና የዱቲ ክፍያ የስንት ወር አልተከፈለም? ሦስቱንም ታውቃላችሁ፤ ካላወቃችሁም መዝገቡ ከዚህ ሩቅ አይደለም። የእኔ ንግግር እዚህ ያበቃል። ማይክራፎኑን መጀመሪያ ለምክር ቤት አባላቱና ለኃላፊዎቹ ስጡልኝ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ለሾፌሮቹ።